ጥፋቱ የማን ጣት ነው?

ከሚሴ ላይ ሀብትን መደበቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሐጂ ኸይረዲን ደግሞ ለመደበቅ ሞክረው አያውቁም። በጨፋ ሸለቆ ዳር፣ ቦርከና ሲሞላ ውኃው ከሚደርስበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ የበሬ ማድለቢያ አላቸው። አረፋ ሲቃረብ የአዲስ አበባውም የባቲውም ገዢ በራቸው ላይ ይሰለፋል። ዘንድሮ ግን ሰልፉ ብቻውን አላረካቸውም። አንድ የሌላ አገር ነጋዴ ከብቱን በስልክ ሲያሳይ አይተው ስለ ነበር፣ ለእያንዳንዱ በሬ የራሱ ገጽ ያለው ድረ ገጽ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ከበሬዎቹ አስቀድመው ያሰቡት ግን ስለ ራሳቸው ነበር፤ ከሐጅ ሲመለሱ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው የተነሡት ፎቶግራፍ በፊተኛው ገጽ ላይ ከማንኛውም በሬ ገዝፎ እንዲታይ ፈለጉ። እንደ ፈለጉትም ሆነላቸው።

ሥራውን የወሰደው ጀሚል ነው። ጀሚል በሰንበቴ የከብት ገበያ ሲደልሉ ኖረው የሞቱ ሰው ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሶፍትዌር ተምሮ ተመልሷል፤ በዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ኮምፒዩተሩን ዘርግቷል። የሐጂን ሥራ የተቀበለው ለእንጀራው ብቻ ብሎ አልነበረም። የሐጂን ልጅ ረቢአን ይወዳል። ረቢአ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት፤ እሷም ትወደዋለች፤ መውደዷንም እንደ ከሚሴ ልጅ በዓይኗ እንጂ በአፏ አልተናገረችም። ሐጂ ግን ጀሚልን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ኢልማ ደላላ» ይሉታል፣ የደላላ ልጅ፤ ቃሉን ባነሡ ቁጥርም አፍንጫቸው ወደ ላይ ይሳባል። ደላላ የሚባል ሰው ባይኖር ኖሮ አንድም በሬ ሊሸጡ እንደማይችሉ የነገራቸው ሰው የለም።

የጀሚል ተስፋ በአንድ ሰው ላይ ነበር። የባቲው ከብት ነጋዴ ጌታው ሙሐመድዘይን የአባቱ የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው ረቢአን ሊጠይቁለት ቃል ገብተውለታል። ሐጂ ኸይረዲን ከእሳቸው የሚበልጥ ገዢ ስለሌላቸው ፊት ሊነሷቸው አይችሉም።

ይህን ተስፋ ያፈረሰው ያው ድረ ገጽ ነው። ጌታው ሙሐመድዘይን ከማድለቢያው ሁለት በሬዎች መርጠው፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው፣ ዱዓ ተደርጎ ወደ ባቲ ተመለሱ። ሐጂ ግን በአዲሱ ነገራቸው ካልኮሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውምና የሁለቱን በሬዎች ሊንክ በቴሌግራም ሰደዱላቸው። ጌታው ሙሐመድዘይን ዓይናቸው ስለደከመ ስልካቸውን የምትይዝላቸው ልጃቸው አሚራ ናት። በገበያው ቀን፣ ከቆላ የመጡ አርቢዎችና የደጋ ነጋዴዎች ከበዋቸው ሳለ፣ «እስቲ እነዚያን ሁለት በሬዎች አሳዪያቸው» አሏት። አሚራ ሊንኩን ነካች። «የፈለጉት ገጽ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሁለተኛውን ነካች። መልሱ ያው ሆነ። ግራ ገብቷት ወደ ፊተኛው ገጽ ስትሄድ የሐጂ ኸይረዲን ጥምጥም ስልኩን ሞልቶ ታየ።

ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። በከብት ነጋዴ ዘንድ ግን እጅ ከተጨባበጡ በኋላ «በሬው የለም» የሚል መልስ አንድ ፍቺ ብቻ አለው፤ ለሌላ ሰጥቼዋለሁ፣ ቃሌን አጥፌአለሁ ማለት ነው። በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ እንዲያ ተረዱት፤ ጌታው ሙሐመድዘይንም እንዲያ ተረዱት። «ከእንግዲህ የዚያን ሰው ደጅ አልረግጥም» አሉ፤ ወሬውም ባቲን ለቆ ከሚሴ ለመግባት አውቶቡስ አልጠበቀም።

ሐጂ ጀሚልን አስጠሩት። ረቢአ በሳሎኑ በር መጋረጃ ሥር ቆማ ነበር።

«ና እስቲ፣ ኢልማ ደላላ! ማል ጎቴ? ምን አድርገህ ነው ያዋረድከኝ? በሬዎቼ በረት ውስጥ ቆመው እያመነዠኩ አንተ የሉም ትላለህ?»

«ሐጂ፣ እኔ አላልኩም። ኔትወርክ ነው።»

«ኔትወርክ!» ሐጂ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም። «በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሰዓት የእኔ ፎቶግራፍ ተከፍቷል ብለውኛል። ኔትወርኩ እኔን ያውቃል፣ በሬዬን አያውቅም?»

ጀሚል ቀና ሲል ዓይኑ ከረቢአ ዓይን ጋር ተገናኘ። ረቢአ እየጠበቀችው ነበር፤ የጠበቀችውም አጭር ነገር ነው፣ «እኔ ነኝ» የሚል። «እኔ ነኝ» ካለ ሽማግሌው እንደማይመጣ፣ ሐጂም ዳግመኛ ደጃቸውን እንደማያስረግጡት በአንድ ጊዜ ታየው።

«እንግዲያው» አለ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጥሎ፣ «የከፈተችው ልጅ አከፋፈቱን አታውቅ ይሆናል። በፊተኛው ገጽ ገብታ፣ ከዚያ ወደ በሬዎቹ መሄድ ነበረባት።»

ንግግሩ ግማሽ እውነት ነበረው፤ ዓይን አውጣ ያደረገውም ይኸው ነው። በእርግጥም በፊተኛው ገጽ የገባ ሰው በሬዎቹን ያገኛቸው ነበር።

የሐጂ ፊት በራ። ወዲያው ስልካቸውን አንሥተው፣ ድምፁን ለቤተ ሰቡ ሁሉ እንዲሰማ ከፍተው፣ ወደ ባቲ ደወሉ። ወዳጄ፣ በሬዎችዎ በረት ውስጥ ናቸው፣ ልጅቱ ናት አበላሽታ የነካችው አሉ። ጌታው ሙሐመድዘይን ከገበያው መሐል ሆነው «አይ የሴት ልጅ ነገር!» አሉ። እነዚህ ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ ያወረደውን እርግማን ሁሉ ሰብስበው በአንዲት ልጅ ጣት ላይ ጣሉትና ታረቁ። ዕርቁን ለማጽናትም ጌታው ሙሐመድዘይን «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ፤ ለሌላ ጉዳይም እመጣለሁ» አሉ። ሐጂ የትኛው ጉዳይ እንደሆነ ገባቸው፤ እንዳልገባቸው ሆነው ሳቁ።

ጀሚል ደስታውን ለመካፈል ወደ መጋረጃው ተመለከተ። ረቢአ ያየችው፣ ተማሪ ከጎረቤቱ የቀዳውን የፈተና መልስ እንደምታይ ሆና ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ የደሴ አውቶቡሶች ባጃጁን ሁሉ ወደ ዳር እየገፉ ሲያልፉ፣ ረቢአ የጀሚል ሱቅ በር ላይ ቆመች። አልገባችም፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው።

«ተቀመጪ» አላት ወንበር እየጠረገ።

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ትናንት አንተ ከሄድክ በኋላ ሊንኩን በስልኬ ነካሁት፤ አልተገኘም አለኝ። በፊተኛው ገጽ ገብቼ ያንኑ በሬ አገኘሁት። እዚያው በሬው ላይ ሆኜ ገጹን እንደገና እንዲጭን አዘዝኩት፤ በሬው ጠፋና አልተገኘም አለኝ። ኔትወርክ በሬ እየመረጠ አይደብቅም፤ የእኔም ጣት ከአሚራ ጣት የተለየ አይደለም። አሁን ንገረኝ፤ ምንድን ነው?»

ጀሚል መዋሸት የማይችልባት ሴት ፊቱ ቆማለች፤ ስለዚህ እውነቱን ተናገረ። «ድረ ገጹ በእውነቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው። ሌላውን ሁሉ ፕሮግራሙ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ይሥለዋል። በፊተኛው ገጽ የገባ ሰው ፕሮግራሙን ይዞ ስለሚዞር የፈለገውን ያገኛል። ሊንኩን በቀጥታ የነካ ሰው ግን ሰርቨሩን፣ ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒዩተር፣ ነው የሚጠይቀው፤ ሰርቨሩ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል ይፈልጋል፤ ፋይሉ የለም፤ የለም ይላል። የማታውቀው አድራሻ ሲመጣብህ ፊተኛውን ገጽ ስጥ፣ የቀረውን ፕሮግራሙ ያውቃል ብዬ ሰርቨሩን ማዘዝ ነበረብኝ። በገዛ ኮምፒዩተሬ ላይ ስሞክረው ሁሉም ይከፈት ስለ ነበር ረሳሁት። አሁን ግን አስተካክዬዋለሁ፤ ሞክሪው፤ ይከፈታል።»

«ይከፈታል፤ ከመምጣቴ በፊት ሞክሬዋለሁ። ለማስተካከል ስንት መስመር ጻፍክ?»

«አንድ።»

«ለአንድ መስመር አንዲት ልጅ ሸጥክ።»

«ረቢአ!»

«አሚራ ዛሬ ጠዋት በጎረቤቷ ስልክ ደወለችልኝ። አባቷ በገበያ መሐል ሰድበዋታል፤ ስልኩን ቀምተው ለወንድሟ ሰጥተውታል፤ ከእንግዲህ ገበያ አትወጣም ተብላለች። ምን እንዳጠፋች ጠየቀችኝ። መምህርት ነሽና ንገሪኝ፣ አነካኬ ላይ ምን ነበር ስሕተቱ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ጀሚል ከወንበሩ ተነሣ። «ለማን ብዬ መሰለሽ? ለእኛ ብዬ ነው! አባትሽ እንደሆኑ መናቃቸውን አላቋረጡም፤ በገዛ አፌ አጠፋሁ ብላቸው ኖሮ ዛሬ አንቺን ለሌላ ይድሩሽ ነበር። ወላሂ፣ ለፍቅራችን…»

«በወላሂ አትጀምር።» ድምፅዋ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለው ነበር። «አባቴ የሚንቁህ በአባትህ ሥራ ነው፤ ያ የእሳቸው ኩራት ነው፤ አንተን አይነካህም። እኔ የምንቅህ ግን በራስህ ሥራ ነው። እስከ ትናንት ድረስ በዚህ ከተማ አንተን የማይንቅ አንድ ሰው ነበረህ።»

ከኋላው ኮምፒዩተሩ ላይ የሐጂ በሬዎች ተራ በተራ ይታያሉ፤ ሁሉም ተከፍተዋል።

«ትናንት የኔትወርኩ ጥፋት ነበር» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እንባው እንዳይወርድ ቀና ብላ። «ቀጥሎ የአሚራ ሆነ። ነገ ቤት ሠርተን አንድ ነገር ሲበላሽብን የማን ጣት ይሆናል ጀሚል? የማን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ አብሬህ የምኖረው።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ባጃጁ ሄደች። ጀሚል አልተከተላትም። ሽማግሌ ሲቀመጥ ልቧ ይመለሳል፣ ሴት ናት፣ ትረሳዋለች እያለ ራሱን አጽናና፤ ደካማ ሰው መጽናኛ አያጣም። ነገር ግን ያን ዕለት የበላው ሁሉ አፈር አፈር አለው።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጌታው ሙሐመድዘይን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው የሐጂን ግቢ ረገጡ። «አካም ኦልተን?» «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ!» እየተባባሉ ሰላምታው ረዘመ። ወጉ ሚስት የሚፈለግለት ጎልማሳ ሽማግሌ በተቀመጠበት ቤት እንዳይገኝ ያዝዛል። ሐጂ ኸይረዲን ግን ከወጉ ይልቅ ቴሌቪዥናቸውን ያስቀድማሉ፤ በሬዎቻቸውን በትልቁ ቴሌቪዥን የሚያሳይላቸው ሰው ስላስፈለገ ጀሚል ተጠርቶ በጥግ ቆሟል። ሊንኩ ተነካ፤ በሬው ተከፈተ፤ ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ!» አሉ። ሐጂ በሬውን የፈጠሩት እሳቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐጂ» አሉ ጌታው ሙሐመድዘይን በመጨረሻ፣ «በሬውን አይተናል። የመጣነው ግን ለበሬ አይደለም። ልጅዎን ረቢአን ለዚህ ለወዳጄ ልጅ እንዲሰጡን ነው።»

ሐጂ ለወጉ ያህል አመነቱ፤ ዘር ቆጠሩ፤ ስለ ደላላ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው የእንግዳቸውን ፊት ሲያዩ መለሱት። «እንግዲህ ልጅቱ ትጠየቅ» አሉ።

እኅታቸው ዙቤይዳ መጋረጃውን ገልጠው ወደ ውስጥ ገቡ። በሸሪዓው ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከውስጥ ድምፅ እሰማለሁ ብሎ አልጠበቀም። የረቢአ ድምፅ ግን ተሰማ፤ ረጋ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምርበት ሆኖ። ዙቤይዳ ሲመለሱ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ልጅቱ ተናገረች» አሉ።

«ምን ብላ?» ሐጂ ተቆጡ።

«ጥያቄ አለኝ አለች። ባቲ ላይ ስልኩን የነካችው አሚራ አጥፍታለች ወይስ አላጠፋችም፣ ጀሚል በሽማግሌዎቹ ፊት ይመልስ፤ እሱ ከመለሰ በኋላ ስለ እኔ ጠይቁኝ አለች።»

«ይህ ያለቀ ነገር ነው!» አሉ ሐጂ እጃቸውን እያወራጩ። «ኔትወርክ በለው፣ የልጅ ነገር በለው፣ አልቋል። በል ጀሚል፣ አልቋል በላትና እንቀጥል።»

በስሙ ጠሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ጀሚል ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሁሉም ያንኑ ውሸት እንዲደግምላቸው ፊታቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ ሐጂ ኩራታቸው እንዳይነካ፣ ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ እንዳይጓተት። አንድ ቃል ቢናገር ረቢአ በአባቷ ፊት የተረታች ግትር ልጅ ትሆናለች፤ እሱም አማች ይሆናል። መጋረጃው ጫፉ ላይ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አየ። ከኋላው ቆማለች። የምትሰማውም መልሱን ብቻ እንዳልሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያመነታም እንደሆነ ገባው፤ አመንትቶም ነበር፤ አፈረ።

«አላጠፋችም» አለ። ድምፁ ስለተቆረጠበት ደገመው። «አሚራ አላጠፋችም። የነካችው ትክክል ነው። ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በቀጥታ ለሚመጣ ሰው መልስ እንዲሰጥ አላዘጋጀሁትም ነበር። ማንም ቢነካው አልተገኘም ይለው ነበር። ሐጂ ሲጠይቁኝ ፈራሁ፤ በእሷ ላይ አላከክሁት። ከዚያ በኋላ በስውር አስተካከልኩትና ዝም አልኩ።»

ጌታው ሙሐመድዘይን ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ልጄን» አሉ ቀስ ብለው፣ «በገበያ መሐል ደደብ ብያታለሁ። ስልኩን ቀምቼ ለወንድሟ ሰጠሁት። እሱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ኳስ ሲያይበት ይውላል፤ አንድ ገዢ ደውሎ አግኝቶኝ አያውቅም።» ስልክ ለመኑ፤ ቁጥሩን ዙቤይዳ ደወሉላቸው። «አንተ ነህ? ስልኩን ለእኅትህ ስጣት። አይ፣ ላናግራት ብቻ አይደለም፤ ስጣት ነው የምልህ፣ የእሷ ነው።» ጥቂት ቆዩ። «አሚራ፣ ኢንታላኮ፣ ልጄ… የነካሽው ልክ ነበር። ጥፋት አልነበረብሽም።» ከወዲያ በኩል የሚሰማው ለቅሶ ከስልኩ አልፎ ለሁሉም ተሰማ፤ ሽማግሌዎቹም በየፊናቸው የሚያዩት ነገር ፈለጉ።

ሐጂ ኸይረዲን ተነሥተው ቆሙ። «ኢልማ ደላላ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ምንጣፌ ላይ ውሸት አበላኸኝ! ውጣ!»

«ይቀመጡ ሐጂ» አሉ ጌታው ሙሐመድዘይን። «ውሸቱን ያመጣው እሱ ነው፤ እኔና አንቱ ግን ተሻምተን በላነው። ለምን? የተጣለባት ሴት ልጅ ስለሆነች። እኔ አባቷ እንኳ አንድ ጊዜ አልጠየቅኋትም።» ከዚያ ወደ ጀሚል ዞሩ፤ አስተያየታቸው ከስድብ ይከፋ ነበር። «አንተ ደግሞ ስማ። አባትህ ደላላ ነበር። በሬ ሲታመም በገዢውም በሻጩም ፊት ታሟል ይል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለዚሁ ተሰድቧል። ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ስም ብዬ ነው፤ ላንተ ብዬ አይደለም። አንተን ዛሬ ነው ያወቅሁህ፤ ገና አልወደድኩህም።»

«ልክ ነዎት» አለ ጀሚል።

«ልጅቱ ትጠየቅ» አሉ ሽማግሌው።

«ከዚህ ሁሉ በኋላ?» ሐጂ ጮኹ።

«ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንጂ የምትጠየቀው። ፊት ብንጠይቃት ኖሮ ለማን ልንሰጣት ነበር?»

ሐጂ ተቀመጡ። የባቲን ገበያ ያህል ገዢ በገዛ እጃቸው ሊያስቀይሙ አልደፈሩም፤ ጨዋነታቸው ከዚህ አያልፍም። ዙቤይዳ ዳግመኛ ገቡ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸው ጎልቶ ተሰማ፦ «ረቢአ፣ መልሱን በጆሮሽ ሰምተሻል። ጀሚልን ትፈቅጂዋለሽ?»

መልስ የለም።

«ልጄ፣ ትፈቅጂዋለሽ?»

መልስ የለም። ጀሚል እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈለገው ይህን ዝምታ ነበር፤ አሁን ግን መናገርዋን ተመኘ። ብትሰድበው፣ ብትጠይቀው፣ አንድ ቃል ብትለው ዕዳው የሚቀልለት መሰለው። ዝም አለች። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ የሽማግሌዎቹ ፊት እየተፈታ መጣ፤ የእሱ ግን ፈዘዘ።

ዙቤይዳ ወጡ። «ዝም ብላለች» አሉ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ።

«አልሐምዱሊላህ!» ተባለ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ሐጂም እያጉረመረሙ ዘረጉ። ጀሚል ከሁሉም ዘግይቶ መዳፉን ገለጠ። ደስታው መጣለት፤ ከእሱ ቀድሞ ግን ኀፍረት ገብቶ ነበር፤ የበላዩንም ቦታ ይዞ ተቀምጧል። ረቢአ የተቀበለችው እንደ ሸቀጥ ጉድለቱን ሳታይ አልነበረም፤ ጉድለቱን ቆጥራ ነው። ከእንግዲህ በየዕለቱ በእነዚያ ዓይኖች ፊት እንደሚኖር አሰበ፤ ፈራ፤ ከፍርሃቱም ለመሸሽ አልፈለገም። ሌሎቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሚን» ሲሉ፣ እሱ ዓይኑን ከመጋረጃው ሳይነቅል በለሆሳስ አለው።